ወረንጦ

ሽምብጥ፣ ከውሃው ዳር፣ ደንገል ከሚያልቅበት፣
አባቴ እንዳላማው ቀለህ ያድስ ነበር በጓሯችን ጎጆ ቤት።
የተተኮሰ ናስ፣ ጠቁሮ የከሰለ ሆዱ፣
በአህያ፣ በታንኳ፣ ከዘጌ፣ ከቆራጣ ይመጣል ከነጉዱ፤
ያጥበዋል በሎሚ፣ ያሸዋል በአመዱ።
የሞተች ዓይኑንም በወስፌ ጫፍ ነቅሎ
ይጥላል ከጣሳ፣ “አየሽ፣ በቃሽ” ብሎ።

ዓይን ነበር ስሟ፣ በእኛ ቤት አነጋገር፣
ከጥይቷ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው፣ ምስር የምታክል ነገር።
ሌላው “ካፕሱል” ይላል፣ ነጋዴው “ቆብ” ይላል፤
አባቴ ግን፣ “ዓይን ናት፤ ካልነቃች ማን ያያል?
ባሩዱም ዕውር ነው፣ እርሳሱም ዕውር ነው፣
ይቺ ናት መሪያቸው፣ ይቺ ናት” ይለኛል።

የእሱ ጣት ወፍራም ነው፣ መጅ የተከለበት፣ ላብ ከላዩ የማያጣ፤
ለእኔ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ዕጣው እንዲህ ወጣ።
ከአንገቱ ማተብ ጋር ወረንጦ ነበረው፣ እሾህ ማውጫ፣ የጥንት፤
ፈትቶ ሰጠኝ አንድ ጧት፣ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ፊሽካ ሳይነፋ በፊት።

“አንጓች፣ ስሚኝ” አለ፣ “ዓይን ቁጡ ናት፣
በጣትሽ አትንኪያት።
ላብ ያሳውራታል፣ ቅቤ ይገድላታል፣
የጣና ጤዛ እንኳ በአንድ ሌት ይበቃታል።
አንድ ባንድ አንሻት፤ በእፍኝ አይዛትም ሰው፤
አንዷ ብትቆጣ፣ የእህቶቿ ቁጣ ነው ቤቱን የሚያፈርሰው።”

እናቴ ለዚሁ የሰፋቻት ሰፌድ አለች፣ ትንሽ፣ ስፌቷ ጎርባጣ፤
ዓይኖቹን በትኜ አወዛውዛለሁ፣ አንድም ድምፅ ሳይወጣ።
በሆዱ የተኛው፣ በጀርባው የወደቀው ሁሉ
ቀስ እያልኩ በነቀነቅሁ ቁጥር ይገለበጣሉ፣
ሽቅብ እያዩኝ ይሰለፋሉ።
ከዚያ በወረንጦ፣ በከንፈሩ ጫፍ፣ ትንፋሼን ዋጥ አርጌ፤
እሱ በወይራ ዘንግ ገፍቶ ያስተኛታል፣ ስይዝ ቀለሁን ቀጥ አርጌ።
“መዶሻ ለሚስማር!” ይላል፤ አይመታም።
ስንት ዘመን ሠርቶ አንድም ጣት አልጎደለው፣ አንድም አልከሸፈበትም።

ጉማሬ ለሚያባርር፣ ለሠርግ ለሚተኩስ፣ ማሳ ለሚጠብቅ፤
ለማን እንደሆነ አባቴ አይጠይቅ።

በጥምቀት ማግስት ጓንጉል መጣ፣ አሥራ አንድ ቀለህ ይዞ፣
ወንድሙ ተገድሎ፣ ጸጉሩን አሳድጎ፣ ፊቱ ደንዝዞ።
ደሙ ቢራራ ላይ ነው፤ ይህን ሽምብጥ ያውቃል።
ቢራራ ደሴቲቱ ጋ፣ ዓባይ ከሚወጣበት፣ አሣ ያጠምዳል፤
አንዴ ታንኳው ላይ አውጥቶ መቅዘፊያ አስይዞኛል።

ጸጉሬ አዲስ ሹሩባ፣
ለበዓሉ የተቀባ፤
ቅቤው በግንባሬ ወርዶ ጆሮዬ ሥር የገባ።
ግንባሬን ጠረግሁ። ወረንጦው ወደቀ።
ዓይኗን በጣቴ አነሣኋት።
ረስቼ ነው? አውቄ ነው? ያን ያወቀ
ከእኔ ወዲያ የለም፤ እኔም አላወቅኋት።

ጓንጉል ሌሊቱን ሙሉ ደንገል ውስጥ ጠበቀ።
ቢራራ ታንኳውን ሊስብ ጎንበስ ሲል፣ ሳበ፤
ቀጭ።
ቢራራ ሰማ። ጣና ዋጠው። ከማዶ ወጣ፣ ቀዝቅዞ፣ ግን በሕይወቱ።

ጓንጉል በማለዳ ጥይቷን ወረወራት ከደጃችን ፊት፤
“እንዳላማው! ያንተ ጥይት ከሸፈች! ያውም በዚያ ሰዓት!”
አባቴ እጄን ያዘ። ጣቴን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።
ብዙ ዝም አለ።
“ጤዛ ነው” አለው፣ እኔን ሳያይ፣ “የጣና ጤዛ ነው”፤ ገንዘቡንም መለሰለት፣ ሳይደራደር ዋጋ።
ከዚያ በኋላ ገበያው ሳሳ፤ የሚመጣ ጠፋ።
ወረንጦውን ግን ከእኔ አልተቀበለም።

ዛሬ ሐኪም ቤት ነኝ፤ ባሕር ዳር፣ የዓይን ክፍል።
ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚወጋው፣ ከደራ፣ ከፎገራ ሰው ይጎርፋል፤
አግዳሚው ላይ፣ ሽቅብ እያዩኝ ይሰለፋሉ።
አንድ ባንድ፣ በወረንጦ፣ ትንፋሼን ዋጥ አርጌ፣
የዓይን ቆብ ገልብጬ፣ ብርሃኑን ቀጥ አርጌ።
አስቀድሜ እጄን በሳሙና ሁለቴ፣ ሦስቴ እታጠባለሁ፤
ተማሪዎቼ “ንጽሕና ነው” ይላሉ።
ዞር እላለሁ፣
ጣቴን አሸታለሁ።